የጎተራው ሒሳብ፦ የጦር ወጪና የተጠያቂነት ታሪክ በጅባትና ሜጫ ምድር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በገፈርሳና በሆለታ ገነት፣ በአዲስ ዓለምና በግንጪ አልፎ አምቦ የሚደርሰው፣ ከአምቦም በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ወለጋ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኙ በጤፍና በስንዴ፣ በገብስና በባቄላ የተሸፈነ ስለ ሆነ፣ መንገደኛው ሁሉ አገሩን የእርሻና የሰላም አገር ብቻ አድርጎ ያየዋል። ሆኖም በዚሁ መንገድ ዳር የኢትዮጵያ የጦር ታሪክ ታላላቅ ምዕራፎች ተራ በተራ ተቀምጠዋል፤ ከአዲስ አበባ ወጣ እንዳሉ በ1969 ዓ.ም. የገበሬ ልጆች ከየክፍለ ሀገሩ እየተሰበሰቡ የሠለጠኑበት የታጠቅ ጦር ሰፈር ይገኛል፤ ቀጥሎ በሆለታ ገነት ዘመናዊ መኮንን በሥርዓት የተማረበት የጦር ትምህርት ቤት አለ፤ ከአምቦ አለፍ ሲሉም በጉደር አቅራቢያ ጥይት የሚሠራበት የሆሚቾ ፋብሪካ ቆሟል። ይህ ምድር የኢትዮጵያን ወታደር ከመቶ ዓመት በላይ ቀልቧል፣ አስተምሯል፣ አስታጥቋል። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምሻው ጦሩ ከዚህ ምድር የወሰደውን ብቻ አይደለም፤ የወሰደው ለከፈለው ሰው ሒሳብ የሰጠበት ዘመን ነበረን የሚለውን ጭምር ነው። ሒሳብ ጠያቂ በየዘመኑ አልጠፋም፤ ንጉሥ ጠይቋል፣ ወታደር ጠይቋል፣ የባዕድ አገር የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እንኳ ጠይቋል። ከፋዩ ራሱ ከጠያቂው ወንበር ላይ የተቀመጠበት ጊዜ ግን ከሩቅ ዘመን በቀር አይገኝም።

ያ ሩቅ ዘመን ከጌዶ ብዙ ሳይርቅ በሚገኘው በኦዳ ቢሲል ዋርካ ሥር የነበረው ዘመን ነው። የሜጫ ኦሮሞ በዚያ ጥላ ሥር ጉባኤ ተቀምጦ ሕግ ይደነግግ፣ ሥልጣን ያስረክብ ነበር፤ የሕጉንም ሥራ ትውፊቱ ለማኮ ቢሊ ይሰጠዋል። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው ስምንት ዓመት ገዝቶ ለተከታዩ ክፍል ያስረክባል እንጂ ዕድሜ ልኩን አይነግሥም፤ ጦሩን የሚመራው አባ ዱላም በጉባኤው ፈቃድ ይዘምታል፣ ለጉባኤውም መልስ ይሰጣል፤ ሥርዓት ያፈረሰ መሪ ዘመኑ ሳይፈጸም ከወንበሩ ሊነቀል እንደሚችል በሕጉ የታወቀ ነበር። ይህን ስናገር በዚያ ዘመን ዘረፋና ግፍ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ የጎረቤትን ከብት መንዳት የዘመቻው አንድ ክፍል ነበርና፣ የተዘረፈው ጎረቤት በዋርካው ሥር ተገኝቶ የሚከስበት ችሎት አልነበረውም። ነገር ግን ከብቱን ለስንቅ የሰጠው፣ ልጁን ለዘመቻ የላከው ሰውና በጉባኤው ተቀምጦ መሪውን የሚመረምረው ሰው አንድ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ስመዝን ይህን ነገር እንደ መለኪያ ይዤው እሄዳለሁ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ምዕራብ ሲያሰፉና ራስ ጎበና ዳጬ ጦሩን ሲመሩ፣ የጅባትና የሜጫ አገር ከሸዋ መንግሥት ጋር ተጠቃለለ። በዚያን ጊዜ መንግሥቱ ለወታደሩ የሚከፍለው የገንዘብ ደመወዝ አልነበረውም፤ የወታደሩ ደመወዝ ገባሩ ነበር። መልከኛው እንደ ማዕረጉ ገባር ይመራል፤ ገባሩም እህሉንና ማሩን ከመገበር በላይ፣ ለጌታው ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይሸከማል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች፤ ዘመቻ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ስንቁን ተሸክሞ ይከተላል። ለጦሩ የሚወጣው ወጪ በአንድ ግምጃ ቤት ገብቶ በአንድ መዝገብ ስላልተጻፈ፣ በየጎጆው ደጃፍ ተከፍሎ በየጎጆው ደጃፍ ይረሳ ነበር። ከዚህም የከፋው ጦር በአገር ላይ ሲያልፍ በገበሬው ቤት ማደሩ ነው፤ ያደረው ወታደር የሚበላውን ልክ የሚወስነው ራሱ ወታደሩ ነበርና።

ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን ይህን ሥርዓት ገለጠው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት እልቂት አገሩን ሁሉ ሲያዳርስ በሬ የሌለው ገበሬ ማሳውን መገልበጥ ተሳነው፤ ቀጥሎም ረኃብና ተስቦ በመጣ ጊዜ ገባሩ የሚገብረው አጣ፤ ገባሩ ሲያልቅ ወታደሩም ቀለቡን አጣና ራሱ ሽፍታ ወደ መሆን ደረሰ። ዐፄ ምኒልክም ነገሩን ተመልክተው፣ ረኃቡ ጋብ ባለበት በ1884 እና በ1885 ዓ.ም. አካባቢ፣ ወታደር በገበሬ ቤት ማደሩ ቀርቶ ገበሬው ከምርቱ ዐሥር አንዱን ወደ መንግሥት ጎተራ እንዲያስገባ፣ ወታደሩም ከጎተራው እንዲቀለብ ደነገጉ። ይህን አዋጅ እንደ ቀላል ነገር የሚያልፉት አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን በዚህች አገር የጦር ወጪ ልክ እንዲኖረው ከተደረጉት ሙከራዎች ታላቁ ነው፤ ወታደሩ እንዳሻው ይወስድ የነበረውን በቁጥር የተወሰነ ግዴታ አድርጎታልና፣ ከዐሥር አንዱ ሲባል ዘጠኙ የገበሬው ነው የሚለውም ቃል በውስጡ አለ።

ይሁን እንጂ ልክ መኖሩና ለልኩ መልስ የሚሰጥ መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዐሥራቱ በአውድማ ይገመታል፤ ገማቹ ሳይደርስ እህሉን ማንሣት ክልክል ነው፤ ሰማይ በዳመነበት ኅዳር ነዶው ክምር ላይ ሆኖ ገማቹን መጠበቅ ምን እንደሆነ ከአምቦ ዙሪያ የተወለደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግምቱ ከፍ ካለ ገበሬው ከዘጠኙ ላይ ይሞላል፤ ለገማቹና ለተከታዮቹ መስተንግዶ ያወጣል፤ እህሉንም በራሱ አህያ ወይም በራሱ ጀርባ እስከ ጎተራው ያደርሳል። ጎተራ ከገባ በኋላ ስንቱ ለወታደር፣ ስንቱ ለሹም ቤት ሄደ ብሎ መጠየቅ የእርሱ ፈንታ አልነበረም። በዐቢይ ጾም በገብር ኄር ሰንበት በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሰበከው፣ መክሊት የተቀበሉት አገልጋዮች ለጌታቸው ሒሳብ ስለ ማስረከባቸው የሚናገረው ምሳሌ፣ ለሹሙም ለገባሩም እኩል የተነገረ ትምህርት ነበር፤ ነገር ግን ሹማምንቱ ራሳቸውን በጌታው ስፍራ እንጂ በአገልጋዩ ስፍራ አድርገው ስላላዩት፣ ሒሳብ ዘወትር ከታች ወደ ላይ ይወጣ ነበር እንጂ ከላይ ወደ ታች አይወርድም ነበር።

የዓድዋ ዘመቻ የተሰነቀው በዚህ ዓይነት ነው። በ1888 ዓ.ም. መስከረም የክተት አዋጅ በተነገረ ጊዜ ክፉው ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነበር፤ ከረኃብ ያገገመው ገበሬ በሶውንና ቆሎውን፣ ጭኮውንና ድርቆሹን አሰናድቶ፣ በቅሎውንና አህያውን አሰልፎ፣ የአገሩን ነጻነት በገዛ ጎተራው ገዛው። ያን ክብር የሚቀንስ ቃል ከብዕሬ አይወጣም፤ እንዲያውም የድሉ ባለቤት ከመኳንንቱ ጋር እርሱም መሆኑን ከልቤ አምናለሁ፤ ስለዚህም ነው ከድሉ በኋላ የገባሩ ግዴታ እንደ ነበረ መቀጠሉ የሚያሳዝነኝ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን ያገኙት ከዚህ አገር አጠገብ በጨቦ የተወለዱት፣ አባ መላ የተባሉት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበሩ፤ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው በቤተ መንግሥት ያደጉት እኚህ ሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1919 ዓ.ም. በዚያ ሹመት ኖሩ። ሚኒስትር ቢሾምም ጦሩ አሁንም በገባር ይኖር ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የንጉሡ ሀብትና የመንግሥቱ ሀብት ሊለያይ፣ ግብሩም ሊቆረጥና ሊወሰን ይገባል ብለው በጻፉ ጊዜ፣ ዛሬ በጀት የምንለውን ነገር መለመናቸው ነበር፤ ሰሚ ግን ሳያገኙ በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐረፉ።

በደመወዝ የሚኖር መኮንን የማፍራቱ ሥራ በዚህ መንገድ ላይ የተጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች በሆለታ ገነት በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ትምህርት ቤቱን ከፈቱ፤ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ወጣቶችም ገቡበት። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ጠላት ስለ ደረሰ ትምህርቱ ሳይፈጸም ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ነቀምቴ አፈግፍገው የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። ስለ አምስቱ ዓመት ተጋድሎ ሌሎች በሰፊው ጽፈዋልና እዚህ አልዘገይበትም።

ከነጻነት በኋላ ወረቀት ገባ። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. መካከል በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ዐሥራቱ በገንዘብ ተለወጠና፣ በሸዋ ለም ከተባለው መሬት በጋሻ 15 ብር ግብርና 35 ብር የዐሥራት ምትክ፣ ለም ጠፍ ከተባለው 10 እና 30፣ ጠፍ ከተባለው 5 እና 10 ብር እንዲከፈል ታዘዘ፤ በ1936 ዓ.ም. የሒሳብ ምርመራ ኮሚሽን፣ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1948ቱ ሕገ መንግሥትም በጀት ለፓርላማ እንዲቀርብ ተደነገገ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገቢውም ወጪውም በመዝገብ ላይ ሊታይ የሚችልበት ዘመን መጣ። ይሁን እንጂ በጅባትና ሜጫ አውራጃ መሬቱን የሚያርሰው ብዙው ሰው ጢሰኛ ነበር፤ ለባለ መሬቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን እየሰጠ፣ የዐሥራቱንም ምትክ ባለ መሬቱ በእርሱ ላይ እየጣለበት ይኖር ነበር፤ ለምክር ቤት አባልነት ለመወዳደር ደግሞ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ከፋዩ ድምፁን ሊሰጥ ይችላል እንጂ ከበጀት መርማሪዎቹ ወንበር አይደርስም። ዐሥራቱ በ1960 ዓ.ም. ተሽሮ በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ እንኳ፣ ፓርላማው አጥብቆ የተከራከረው በባለ መሬቱ ኪስ ላይ ስለሚደርሰው ነገር ነበር።

እነሆ አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ መሻገራችንም ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት በ1945 ዓ.ም. ሁለት ስምምነት ተፈራረሙ፤ በአንዱ አሜሪካ በአስመራ ቃኘው ጣቢያ የምትባለውን የመገናኛ ሰፈር ያዘች፤ በሌላው የኢትዮጵያን ጦር ለማስታጠቅና ለማሠልጠን ተስማማች። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ 40,000 ወታደር ያለው ጦር ለማቋቋም እንደምትረዳ፣ የኢትዮጵያ ግዛት መደፈርንም እንደምትቃወም የሚገልጽ ቃል በምሥጢር ተሰጠ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በ30ኛው አንቀጹ የመንግሥት ገንዘብ የሚያስወጣ ወይም በዜጎች ላይ ሸክም የሚያደርስ ውል ከመጽናቱ በፊት ለፓርላማ መቅረብ እንዳለበት ያዝዛል፤ 40,000 ሰው የሚያህል ጦር፣ መሣሪያው በስጦታ ቢገኝ እንኳ፣ ቀለቡና ደመወዙ፣ ሰፈሩና ጡረታው ከዚያው ከጋሻ ግብር የሚወጣ ነው። ነገር ግን ይህን ቃል በይፋ ያወጣው የአዲስ አበባው ምክር ቤት አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. የሚዙሪ ሴናተር ስቱዋርት ሳይሚንግተን የመሩት የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ፣ መንግሥታቸው ከሕዝብ ተደብቆ በየአገሩ የገባውን ግዴታ ሲመረምር፣ የኢትዮጵያንም ጉዳይ አንሥቶ ባለሥልጣኖቹን ጠየቀ፤ ምስክርነቱም በ1963 ዓ.ም. መጀመሪያ ታትሞ በዓለም ተሰማ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያመኛል፤ የግንጪና የጉደር ገበሬ በየዓመቱ ስለሚከፍልበት ጦር የተሰጠውን ቃል የኢትዮጵያ ሕዝብ የሰማው ከዋሽንግተን ነው።

ይህ አሜሪካኖቹ ከእኛ የተሻለ ሥጋና ደም ስላላቸው የሆነ አይደለም። በእነርሱም ዘንድ በ1850ዎቹ በእኛ አቈጣጠር በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት፣ ነጋዴዎች በዝናብ የሚበጣጠስ የደንብ ልብስ ለገዛ ወታደሮቻቸው እየሸጡ ከብረዋል። ነገር ግን ሕገ መንግሥታቸው የሕዝብ ገንዘብ ገቢና ወጪ በየጊዜው ታትሞ እንዲገለጽ ያዝዛል፤ ይህንንም ትእዛዝ በተግባር የሚያውል ሰው አልፎ አልፎ ይነሣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ያን ጊዜ ሴናተር የነበሩት ሃሪ ትሩማን፣ እርሳቸውም የሚዙሪ ሰው፣ በ15,000 ዶላር በጀት በተጀመረ ኮሚቴ የጦር ሰፈር ሠሪዎችንና የጦር ዕቃ አቅራቢዎችን በየቦታው እየዞሩ መርምረዋል፤ ጦርነት ላይ ነንና ዝም በሉ ያላቸውን አልሰሙም። ሆኖም የዚያ አገር ምርመራ ወሰን አለው። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ካምቦዲያን በምሥጢር አስደብድበው፣ ሐሰተኛ መዝገብ ለምክር ቤቱ እየቀረበ ለዓመታት ተደብቆ ነበር፤ ሐምሌ 1966 ዓ.ም. የፍርድ ጉዳዮች ኮሚቴው ክስ ሲያዘጋጅ ግን፣ ስለ ዋተርጌት ቤት ሰበራና ስለ መሸፈኑ የቀረቡትን አንቀጾች ሲቀበል፣ ስለ ካምቦዲያ የቀረበውን 26 ለ12 በሆነ ድምፅ ጣለው። ሰውየው ነሐሴ 3 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ የለቀቁት ግን በደበቁት ጦርነት ምክንያት አይደለም። በጦር ጉዳይ ገዥን ተጠያቂ ማድረግ የቱን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላገኘሁም።

በዚያው በ1966 ዓ.ም. በእኛ አገር የሆነው ሌላ መልክ ነበረው። ጥር 4 ቀን በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር በተበላሸ ምግብና በውኃ ጥም ምክንያት አድሞ፣ ሊመረምሩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዞ እርሱ የሚበላውን እንዲበሉ፣ እርሱ የሚጠጣውን እንዲጠጡ አደረገ። ከ200 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ የባዕድ መሣሪያ ርዳታ የተቀበለ፣ ከአፍሪካ ታላላቆች አንዱ የሚባል ጦር፣ በድንበር ላይ ለሚያድረው ተራ ወታደር ንጹሕ ውኃ አላደረሰለትም። ወታደሩ የጠየቀው ሒሳብ ትክክለኛ ሒሳብ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ገዛ ቀለቡ ጠየቀ እንጂ ቀለቡን ስለ ሰጠው ገበሬ አልጠየቀም፤ የኋላው ጥፋት ዘር በዚያ ውስጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከወራት በኋላ፣ በእንዳልካቸው መኰንን ካቢኔ ዘመን፣ የመርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመና ሊቀ መንበሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሆኑ። ኮሚሽኑ በወሎ ረኃብ ለደረሰው እልቂትና በሥልጣን ያላግባብ ስለ መጠቀም ባለሥልጣኖችን እየጠራ ቃላቸውን ይቀበል፣ ሰነድ ይመረምር ጀመር፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ለመርማሪ ቀርቦ የሥራውን ዝርዝር ሲጽፍ የታየው ያን ጊዜ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ለኮሚሽኑ በእስር ቤት የጻፉት ማስታወሻ ከብዙ ዓመታት በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ማስታወሻው ሲጻፍ አንባቢው ዳኛ ይሆናል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ ደርግ ስድሳ የሚያህሉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ አክሊሉና እንዳልካቸው፣ የሸዋ እንደራሴ የነበሩት ራስ መስፍን ስለሺም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ከሟቾቹ ጋር የኢትዮጵያ ሕዝብ ሊሰማው የሚገባው መልስ ሁሉ ተቀበረ፤ በምስክርና በሰነድ ሊረጋገጥ ይችል የነበረው በደል እንደ ክስ ብቻ ቀረ፤ ንጹሕ የነበረው ሰው ንጽሕናውን ሳያሳይ፣ በደለኛው በደሉን ሳይናዘዝ ሄደ። ይህን ያደረጉት ሰዎች አለቃ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሆለታ የተማሩ መኮንን ነበሩ፤ የጅባትና የሜጫ ጎተራ ካስተማራቸው አንዱ ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲሆን የጅባትና ሜጫ፣ የዛሬው ምዕራብ ሸዋ፣ ጢሰኛ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ሲሶና እኩል፣ የባለ መሬት መተያያ ሁሉ በአንድ ቀን አዋጅ ተሻረ። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥቱ ራሱ በባለ መሬቱ ስፍራ ቆመ። ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ከተነገረ በኋላ ታጠቅ ሰፈር ተከፍቶ፣ መንግሥት 300,000 ብሎ የጠራው ሚሊሺያ ሠለጠነ፤ ሰኔ 18 ቀን በአዲስ አበባ አደባባይ በሰልፍ ታየ፤ ወደ ኦጋዴንና ወደ ኤርትራም ተላከ። በሶማሊያ ወረራ ላይ የተገኘው ድል የእነዚያ ገበሬዎች ድል ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ለጦሩ የሚከፈለው አላባራም፤ በእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በኩል እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ኮታ ተጣለበት፤ ዋጋውም ከገበያው በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ ምርት የጎደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። በአውድማ ላይ ይቆም የነበረው የምኒልክ ዘመን ገማች ከዐሥሩ ዘጠኙን ይተው ነበር፤ ኮታው ግን ከተሰበሰበው ምርት ጋር እንኳ የማይተያይ ቁጥር ነበር። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ወንድ ልጁም ከእህሉ ጋር በኮታ ተቈጠረ፤ የቀበሌ ሹማምንት በገበያ ቀን ልጆችን እያፈሱ ሲወስዱ ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በአምቦና በግንጪ፣ በጌዶና በጀልዱ በሕይወት አሉ።

ኮታው በ1982 ዓ.ም. የካቲት በቅይጥ ኢኮኖሚው አዋጅ ተነሣ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም መንግሥቱ ወደቀ። ከሶቪየት ኅብረት በብድር ለተወሰደው መሣሪያ የቀረውን ዕዳ፣ ከ4 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጠውን፣ ሩሲያ በ1990ዎቹ ሰርዛዋለች። ዕዳው መሰረዙ መልካም ነው፤ ግን ስንት ታንክ፣ በስንት ዋጋ፣ በማን ፊርማ ተገዛ የሚለው ዝርዝር ዕዳውን በልጆቹ ደም ለከፈለው ሰው አልተነበበለትም፤ ከታጠቅ ወጥተው ያልተመለሱት ልጆች ስም በተወለዱበት ቀበሌ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍም አላየንም።

በደርግ ዘመን መጨረሻ የተሠራው ሆሚቾ በ2002 ዓ.ም. ከሌሎች የመከላከያ ፋብሪካዎች ጋር የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ሜቴክ፣ በተባለው ድርጅት ሥር ገባ፤ የድርጅቱም ካፒታል 10 ቢሊዮን ብር ነበር። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ድርጅቱ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ አገር ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ገለጡ፤ የመርከብና የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የትራክተር ዝርዝር በቴሌቪዥን ተነበበ፤ ሹማምንት ታሰሩ። ሒሳቡ በአደባባይ መነበቡ በራሱ አዲስ ነገር ነበርና የአምቦ ሰው ሁሉ በየቡና ቤቱ ተሰብስቦ ሰማው። ያን ሳምንት ሥራ ላይ የዋለው ግን ዐቃቤ ሕግና ፖሊስ ነው፤ ግዢው ሲፈጸም በየዓመቱ በጀት ያጸደቀው ምክር ቤት አልነበረም። ተከሳሹ ጥፋተኛ ቢሆን ወይም ነጻ ቢወጣ ፍርድ ቤት ይፈርዳል፤ ለዓመታት ዝም ያለ ተቆጣጣሪ ግን በየትኛው ችሎት እንደሚቀርብ ሕጉ አይናገርም። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል፤ ያ ሪፖርት ከአዲስ አበባ አዳራሽ ወጥቶ በአምቦ የከተማ አዳራሽ፣ በግንጪና በጌዶ የገበያ ሜዳ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ፣ የመከላከያውን ወጪ ጨምሮ፣ ጥያቄ ማቅረብ በሚችል ሕዝብ ፊት እንዲነበብ እጠይቃለሁ፤ የምዕራብ ሸዋ ተመራጮችም በዚያ ቀን ከመድረኩ ላይ ሳይሆን ከሚጠየቁት ወገን እንዲቆሙ።